ቦታውን ያየ ሕንፃ፦ በከተማ መሬት ላይ ስለ ዲዛይን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት ወይም ሕንፃ ሊያሠሩ ያሰቡ ሰዎች ስለ ቅርጹና ስለ ዋጋው ብዙ ይጠይቃሉ። ስለ ቦታው የሚጠይቁት ግን ዘግይተው ነው። አንዳንዴ መሠረት ተቆፍሮ ውሃ መውጣት ሲጀምር። ከታች ያሉት ከደንበኞች፣ ከአርክቴክቸር ተማሪዎች፣ ከጎረቤትም ሳይቀር የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ በአብዛኛው የአዲስ አበባን መሬትና ፀሐይ ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ የሚሠራ ሰው ሙቀቱንና አፈሩን በራሱ ከተማ ልክ ያስተካክል።

ሕንፃ ለቦታው መልስ ይሰጣል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሕንፃውን ነቅለው ሌላ ሰፈር ቢተክሉት የሚጎድለው ነገር አለ? ካለ፣ ለቦታው ተሠርቷል። ምንም ካልጎደለው ግን የትም ሊቆም ይችል ነበር ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ያስቡ። የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የተሠራውም በ1950ዎቹ። ቸርችል ጎዳና ከለገሃር ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል። ዳገቱ የሚያልቅበት ላይ ሕንፃው ክንፎቹን ዘርግቶ ይቆማል፤ ባለ ሰዓቱ ማማም ከታች ይታያል። ያንኑ ሕንፃ ወስደው ሜዳማ ሰፈር ውስጥ ቢያስቀምጡት ማማ ያለው ሰፊ ቢሮ ብቻ ይሆናል። ግርማውን የሰጠው ግማሹ ዳገቱ ነው። ሜዜዲሚ ዳገቱን እንደ ችግር ቢያየው ኖሮ ይህን አናገኝም ነበር።

ስለዚህ ፈጠራ ሲባል የተጣመመ ግድግዳ ወይም የተለየ ቀለም ብቻ አይምሰልዎት። ዳገቱ፣ የጎረቤቱ ግንብ፣ የጎርፉ መውረጃ፣ የታክሲው ሰልፍ ራሳቸው የዲዛይኑ መነሻ ሲሆኑ ነው ፈጠራ የሚጀምረው።

ዲዛይን ከመጀመሩ በፊት ቦታው ላይ ምን ማየት አለብኝ?

ካርታ ስፋትና ወሰን ይነግርዎታል። የጎረቤት ባህር ዛፍ ከሰዓት በኋላ ጥላው የት እንደሚያርፍ ግን አይነግርዎትም። ስለዚህ በእግር ይሂዱ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ። ቢቻል አንዱ ቀን ሐምሌ ውስጥ ይሁን፣ ዝናቡ ሲወርድ። ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በዓይን ከታየ ብዙ ክርክር ያልቃል።

ሰው በቦታው በኩል ያቋርጣል? ባዶ መሬት ላይ የተረገጠች ቀጭን መንገድ ካለች፣ እሷ የምታመለክተው የሆነ ቦታ አለ፤ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ታክሲ መያዣ። አጥር ቢያጥሩም ያ እግር በአጥርዎ ጥግ መመላለሱ አይቀርም። ሱቅ ካለዎት በሩ ወደዚያ ጥግ ይዙር።

ትራንስፎርመሩ የት ነው? የፍሳሽ መስመሩ ከቦታዎ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ? የጎረቤት መስኮት የት ላይ ነው? የቆመ ዛፍ አለ? ጽድ ወይም ወይራ ከሆነ ከመቁረጥዎ በፊት ሁለቴ ያስቡ። ቦታው ላይ የቆመ ትልቅ ዛፍ በገንዘብ ተገዝቶ የሚመጣ ነገር አይደለም።

የሰፈሩን ነባር ሰዎችም ያነጋግሩ። ለረጅም ዘመን እዚያ የኖሩ እናት «እዚህ ጋ እኮ ድሮ ምንጭ ነበረች፣ ልጄ» ካሉ፣ የአፈር ምርመራ ጉድጓዱ አንዱ እዚያው ይቆፈር። አዲስ አበባ ራሷ ከእንጦጦ ወርዳ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ዙሪያ ነው። ከመሬቷ ሥር ውሃ መኖሩ ሊያስገርመን አይገባም።

ቦታዬ ተዳፋት ነው። ደልድዬ ሜዳ ባደርገው አይሻልም?

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ወደ ውስጥ 20 ሜትር የሚገባ ቦታ ከመቶ 10 ቢያዘቀዝቅ፣ በፊትና በኋላው መካከል የ2 ሜትር ልዩነት አለ። ይህን ለማስተካከል ወይ ከላይ ይቆርጣሉ፣ ወይ ከታች ይሞላሉ፣ ወይ ሁለቱንም ያደርጋሉ። ሲቆርጡ አፈር ለሚያወጣው ሲኖትራክ ይከፍላሉ። ሲሞሉ ደግሞ መሠረቱ በሙሌት አፈር ላይ አያርፍም፤ ኮለኑ (ምሰሶው) ሙሌቱን አልፎ እስከ ነባሩ መሬት መውረድ አለበት። በሁለቱም መንገድ የአፈሩን ግፊት የሚችል ሪቴይኒንግ ዎል (አፈር የሚያግድ ግንብ) ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አንድም ክፍል ሳይሰጥዎት ይሄዳል።

ሌላው መንገድ መሬቱን ትቶ ወለሉን መስበር ነው። የፊቱ ወለል ከኋላው 1 ሜትር ከ50 ከፍ ይላል። ደረጃው መሃል ይገባና በየግማሽ ፎቁ ያወጣዎታል። ሳሎኑ ከመመገቢያው ከፍ ይላል፤ ግድግዳ ሳይኖር ክፍሎቹ ይለያያሉ። ከታች በኩል ያለው ወለል ምድር ቤት ቢመስልም በአንድ ጎኑ መስኮትና በር ያገኛል። ኪራይ ይሆናል፣ ቢሮ ይሆናል። ከላይኛው መንገድ ሲያዩት ባለ ሁለት ፎቅ፣ ከታችኛው ሲያዩት ባለ ሦስት ፎቅ ይመስላል። ቦታው በሁለት መንገድ መካከል ከሆነማ ሎተሪ ነው፤ ሁለት መግቢያ፣ ሁለት ዓይነት ተከራይ፣ አንድ ሕንፃ።

የማልወድለት አንድ ነገር አለ። ግማሽ ግማሽ ወለል ለአረጋዊና በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ፈተና ነው። ስለዚህ በመግቢያው ደረጃ ልክ አንድ መኝታ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት ሳያስቀምጡ አይጨርሱ። እናትና አባት ሲያረጁ ያስፈልጋል።

ግንቡ ግድ ከሆነስ? ያኔ ትንሿ ነገር ላይ ይቁሙ። ግንቡ ውስጥ ራቅ ራቅ ብለው የሚቀበሩ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጮች አሉ። ከጀርባቸው ጠጠር ይሞላል። ውሃው በዚያ ይተነፍሳል። ብዙ ግንበኛ ግን ግንቡን እያቆሸሸ ያስቸግራል ብሎ ይዘለዋል፤ ወይም ቱቦውን ይቀብርና ጠጠሩን ይረሳል። ነሐሴ ላይ ውሃ የጠገበ አፈር ግንቡን ሲገፋው መጀመሪያ ሆዱ ይነፋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። በክረምት ተደርምሶ የሰው ሕይወት የሚያጠፋው ግንብ ብዙ ጊዜ መተንፈሻ ያጣ ነው። ሥራው ሲሸፈን እዚያው ቆመው ይዩት።

ደንበኛዬ የሕንፃው ፊት ሙሉ መስታወት እንዲሆን ይፈልጋል። ምን ልበለው?

ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ቦሌ መንገድ ይውሰዱትና ቀና ብሎ እንዲያይ ይንገሩት። በብዙ ሕንፃ ምዕራባዊ ፊት ላይ ከውስጥ የተለጠፈ ካርቶንና ጋዜጣ ያያል። ባለቤቱ ለመስታወቱ ከፍሏል፤ ውስጥ የሚሠራው ሰው መልሶ ደፍኖታል።

ምክንያቱ የፀሐይዋ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋለች። በታኅሣሥ ከደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ገደማ፣ በሰኔ ከሰሜን በኩል 75 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ መስኮት እኩለ ቀን ላይ ሙሉ ጥላ እንዲያገኝ በሰሜን ፊት 40 ሳንቲ ሜትር፣ በደቡብ ፊት 95 ሳንቲ ሜትር የወጣ ሶሌታ (ጠፍጣፋ ኮንክሪት) ይበቃዋል። (በደቡብ ሙሉውን ባያጠሉት እመርጣለሁ። የኅዳርና የታኅሣሥን ብርድ የሚያውቅ ሰው ያችን ፀሐይ አይከለክላትም።)

ምዕራብ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት፣ ያንኑ መስኮት ለማጥላት ከ2 ሜትር ተኩል በላይ የወጣ ሶሌታ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራ የለም። ስለዚህ ምዕራቡን ለደረጃ፣ ለሊፍት፣ ለመጸዳጃና ለዕቃ ቤት መስጠት ነው። መንገዱ በምዕራብ በኩል ከሆነና ፊቱ የግድ ወደዚያ መዞር ካለበት፣ የቆሙ ቀጫጭን ክንፎች፣ ጥልቅ በረንዳ ወይም የተበሳሳ ሁለተኛ ግድግዳ ይሥሩ።

የተበሳሳ ግድግዳ ያለውን ትልቅ ምሳሌ ማየት የሚፈልግ ልደታ ይሂድ። ልደታ መርካቶ የተባለውን የገበያ ሕንፃ የነደፈው የባርሴሎናው አርክቴክት ሀቪየር ቪላልታ ነው። የውጭ ግድግዳው ቀዳዳ ያላቸው የኮንክሪት ፓነሎች ነው፤ የቀዳዳዎቹ አደራደር ከሀገር ባህል ልብስ ጥለት የተወሰደ ነው። ውስጡ ደግሞ እስከ ላይ ክፍት የሆነ አዳራሽ አለው። ብርሃኑ ተሰባብሮ ይገባል፣ አየሩም ይንቀሳቀሳል። ጥለቱን ቢወዱትም ባይወዱትም፣ ቀዳዳው ሥራ የያዘ ጌጥ ነው። እኔ የምወደው ጌጥ እንዲህ ያለውን ነው።

ሐራሬ ውስጥም ኢስትጌት ሴንተር አለ። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ተከፈተ። የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር ወደ ውስጥ ስቦ በከባዱ ኮንክሪት ውስጥ ያከማቻል፣ ቀን ላይ በዚያ ይቀዘቅዛል። የተለመደውን ትልቅ የኤር ኮንዲሽነር ሥርዓት አልተጠቀመም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የምትበልጠው አዲስ አበባ ሌሊቷ ከሐራሬም ይቀዘቅዛል። እዚህ ከተማ ቢሮ ለማቀዝቀዝ ጄኔሬተር ማስነሳት እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ቦታዬ ጠባብ ነው፤ በሁለቱም ጎን ጎረቤት ተጣብቋል። ምን ፈጠራ ይቻላል?

ብርሃን ከጎን ካልመጣ ከላይ ይመጣል።

ጃፓናዊው ታዳኦ አንዶ እ.ኤ.አ. በ1976 ኦሳካ ውስጥ የሠራው የሱሚዮሺ ቤት ወርዱ ከ4 ሜትር ያነሰ ነው፤ ርዝመቱ 14 ሜትር ገደማ። ግራና ቀኙ በጎረቤት ተዘግቷል። አንዶ ቦታውን ለሦስት ከፍሎ መሃሉን ሰማይ የሚታይበት ክፍት ግቢ አደረገው። የመንገዱ ፊት ከበሩ በቀር ድፍን ኮንክሪት ነው። ቤቱ ግን ውስጡ ብርሃን አለው፤ ሁሉም ክፍል ወደዚያ ግቢ ይዞራል። ችግሩ ደግሞ ይታወቃል፤ ዝናብ ሲዘንብ ከመኝታ ቤት ወርዶ መጸዳጃ ለመሄድ ጃንጥላ ያስፈልጋል።

እንዳለ ቅዱት አልልም። በእኛ ክረምት ማንም አይታገሰውም። ግን 105 ካሬ ላይ ሙሉውን መሬት በሶሌታ ከመድፈን፣ መሃል ላይ 3 ሜትር በ3 ሜትር ትቶ አናቱን ብርሃን በሚያሳልፍ ቆርቆሮ መሸፈንና ከጎኑ አየር ማውጫ መተው ይቻላል። ደረጃውም እዚያው ይገባል። ቡና የሚፈላበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ቦታም ተገኘ ማለት ነው። ያ 9 ካሬ የባከነ አይደለም። እሱ ባይኖር በዙሪያው ያሉት ክፍሎች ቀን መብራት ሊበራባቸው ነው።

ወደ ጎረቤት መስኮት ማውጣት እችላለሁ?

ከወሰን ርቀው ከሆነ። የርቀቱን ልክ ከክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይጠይቁ። የጎረቤት ቃል ብቻ ይዘው አይሥሩ። ዛሬ «ምን ችግር አለው፣ ወንድሜ» ያሉት ጋሼ ነገ ቤቱን ሊሸጡት ይችላሉ።

ምድር ወለሉና መንገዱ እንዴት ይገናኙ?

የከተማ ሕንፃ የሚፈተነው እዚህ ጋ ነው። አምስተኛ ፎቅን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ምድር ወለሉን ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየቀኑ በትከሻው ይነካዋል።

አንድ የተለመደ ነገር ልጥቀስ። የሱቁ ወለል ከእግረኛ መንገዱ በአምስትና በስድስት ደረጃ ከፍ ይላል፤ ከሥሩ ምድር ቤት አለና መስኮት ይፈልጋል። ውጤቱ ምንድን ነው? ሱቁ ሰው ያጣል፣ ደረጃው መቀመጫ ይሆናል፣ ጥበቃው ቀኑን ሙሉ «ተነሱ!» ሲል ይውላል። ምድር ቤቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ወይም መስኮቱን ወደ ኋላ ወስዶ ሱቁን በመንገዱ ልክ ማሳረፍ ይቻል ነበር።

እስቲ አዲስ የተከፈተ ሕንፃ አጠገብ ቆመው ይመልከቱ። ሊስትሮው ጥግ ይይዛል። ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ጥላ ያለበትን ትፈልጋለች። የታክሲ ሰልፍ ግድግዳውን ተደግፎ ይረዝማል። አርክቴክቱ ለእነዚህ ሰዎች መስመር አልሳለላቸውም፤ ሆኖም ይመጣሉ። መምጣታቸው ካልቀረ ለምን አይሳልላቸውም? ፊት ለፊቱን 2 ሜትር ወደ ውስጥ አስገብቶ ከላይ ያለውን ፎቅ ጣራ ማድረግ ነው። ክረምት ላይ መንገደኛው ይጠለላል፣ ሰልፉ ከዝናብ ይድናል፣ ሱቁም ደንበኛ ያገኛል። የድሮ ፒያሳ ቤቶች በረንዳቸውን ወደ መንገዱ ማውጣታቸው ይህንን ያውቁ ስለነበር ነው። ባለሀብቱ «2 ሜትሬን?» ማለቱ አይቀርም። የዝናብ ቀን ሱቁ ፊት ስንት ሰው እንደሚቆም ቆጥሮ ይወስን።

የከተማው ባቡር በሚያልፍባቸው መንገዶች ላይ ሌላ ጣጣ አለ። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰው መንገዱን የሚሻገረው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዋናው በር መሃል መሆን የለበትም፤ ማቋረጫው ያለበትን ጎን ይይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ምድር ወለሉ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ አልባ ሲሆንና ከላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ሲሞሉ፣ ሕንፃው እግሩ ላይ ይደክማል። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ጉዳቱ ቶሎ የሚደርሰው እዚያ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። አርክቴክቱ ፊቱን ሲከፍት ስትራክቸራል መሐንዲሱ ከመጀመሪያው ቀን አብሮት ይቀመጥ።

መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው ተባልኩ። ይህ ዲዛይኑን ይለውጠዋል?

አዎ። ዋልካ ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። በቦሌና በምሥራቁ በኩል በብዛት ያለ አፈር ነው። ተቆፍሮ ወጥቶ በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ የሙሌት አፈር) መተካቱ የተለመደ ነው። ለዲዛይኑ ግን አንድ ሐሳብ ይሰጣል፤ አፈሩን ለማውጣት ጥልቅ መቆፈር ካልቀረ፣ የተቆፈረውን መልሶ ከመሙላት ምድር ቤት ማድረግ ያዋጣ እንደሆነ ያስሉ። ከከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ ጋር ነው ሒሳቡ የሚሠራው። ውሃው ቅርብ ከሆነ ይተዉት።

የባህል ቅርጽ ማስገባትስ? ጎጆ፣ የአክሱም ሐውልት፣ መሶብ…

ይህን ጥያቄ በጣም እሰማለሁ። አናቱ ላይ የአክሱም ሐውልት መስኮት የተሳለበት ባለ አሥር ፎቅ የመስታወት ሕንፃ ለአክሱምም ለአዲስ አበባም መልስ አልሰጠም። ቅርጹን ተውሷል፣ በቃ።

ከድሮው መማር የሚገባን አሠራሩን ነው። የሐረር ጁገል ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግንብ የታጠረ ከተማ ስለሆነ መሬት ውድ ነበር። ቤቶቹ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ውስጥ ግቢ ይከፈታሉ። ሳሎኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ የማን መቀመጫ የት እንደሆነ ከፍታው ይናገራል። ወንበር የለ፣ ሶፋ የለ፣ ቦታ አይጠብም። ከዚህ ቤት ለአንድ ስቱዲዮ አፓርታማ የሚወሰድ ብዙ ሐሳብ አለ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለውን ቅርጫት ብቻ ወስዶ መሄድ ግን ያሳዝናል።

ከዘመናዊዎቹ የኔዘርላንድስ ኤምባሲን እጠቅሳለሁ። ዲክ ቫን ሃመረንና ብያርነ ማስተንብሩክ ከአዲስ አበባዋ አርክቴክት ራሔል ሻውል ቢሮ ጋር ሠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማትን አገኘ። ቦታው 5 ሔክታር ገደማ የሆነ፣ በባህር ዛፍ የተሞላ ተዳፋት ነው። ሕንፃው ረጅምና ዝቅ ያለ ነው፣ ተዳፋቱ ውስጥ ይገባል። ኮንክሪቱ የአፈሩን ቀይ ቀለም ይዟል። ጣራው ላይ ውሃ የሚቋጥር ጥልቀት የሌለው ገንዳ አለ፣ የኔዘርላንድስን ውሃማ መሬት የሚያስታውስ። የላሊበላን ቅርጽ አልቀዱም። ግን ግድግዳው፣ ወለሉና ኮርኒሱ አንድ ቀለም ስለሆኑ ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ይመስላል። አንድም መስቀል ሳይሳል ላሊበላ ትዝ ይላል።

ቦታው ላይ የቆየ ቤት አለ። ማፍረስ ግድ ነው?

በመጀመሪያ በቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን ያረጋግጡ። ከሆነ ጥያቄው የእርስዎ ብቻ አይደለም።

ካልሆነም ቸኩለው ዶዘር አይጥሩ። ማድሪድ ውስጥ አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። ሄርዞግና ደ ሜሮን የተባሉት የስዊዘርላንድ አርክቴክቶች የጡቡን ግድግዳ ትተው የድንጋይ መሠረቱን ከሥሩ አወጡት። ሕንፃው የተንሳፈፈ መሰለ፣ ከሥሩም ጥላ ያለው አደባባይ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2008 ካይሻ ፎረም ተብሎ የባህል ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። ጠባብ ከሆነው ሰፈር ላይ ለሕዝብ የሚሆን ቦታ ያገኙት ከአሮጌው ሕንፃ ሆድ ነው።

የእኛዎቹም ምሳሌ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ስድስት ኪሎ የሚገኘው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየም ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየምም የራስ ብሩ መኖሪያ ነበር። ለአንድ ግለሰብ ቤትም ቢሆን ፊቱን ትቶ ከኋላው አዲስ ፎቅ መገንባት ይቻላል። የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ከሆነ እንደዚያ አድርጎ የሚጠርብ ጠራቢ ዛሬ ማግኘትም ከባድ ነው፤ ድንጋዩ ብቻውን ዋጋ አለው።

አንዱን ዲዛይን ብዙ ቦታ መድገም ወጪ አይቀንስም?

ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያ ቁጥርና ፍጥነት የተሠሩት ብሎኮቹ ስለተደጋገሙ ነው። ይህን ማቃለል አልፈልግም፤ ብዙ ሰው ቤት አግኝቷል።

የሚደገመው ነገር ላይ ግን ልዩነት አለ። የክፍሉን ስፋት፣ የኮለኑን ርቀት፣ የበርና የመስኮቱን ልክ መድገም ገንዘብ ይቆጥባል። የብሎኩን አቅጣጫ መድገም ግን ምንም አይቆጥብም። አንዱ ብሎክ ሰሜን፣ ሌላው ምዕራብ እያየ መኝታ ቤቱ ያው ቦታ ከሆነ፣ ምዕራብ የደረሰው ቤተሰብ ማታ ሲፈላ ያድራል። ብሎኩን ማዞርና ደረጃውን ወደ ሌላ ጎን መገልበጥ የወረቀት ሥራ ነው።

ከኮንዶሚኒየሙ አንድ የማደንቀው ነገር ኮሚናሉ ነው። በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ድግስ የሚበሰልበት የጋራ ቤት። ሰው እንዴት እንደሚኖር አይቶ የተሳለ ነው። አንዳንዱ ቦታ ተዘግቶ ወይም ተከራይቶ ማየት ግን ያናድዳል።

ለቦታው ተብሎ የተለየ ዲዛይን ሲሠራ ዋጋው አይንርም?

የሚጨምርም የሚቀንስም አለ። ክብ ግድግዳ፣ ልኩ የተለያየ መስኮት፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ክላዲንግ (የግድግዳ ልባስ) ይጨምራል። የአርክቴክቱም ሰዓት ይጨምራል፤ ቦታው ላይ ቆሞ ማሰብ ሥራ ነውና ይከፈልበታል። የሚቀንሰው ደግሞ ቁፋሮው፣ ሙሌቱ፣ ኤር ኮንዲሽነሩና የቀን መብራቱ ነው። ሲቆፈር የወጣ ድንጋይ ለአጥርና ለግቢ ንጣፍ ይሆናል፤ ለሲኖትራክ ከፍሎ ጥሎት ሌላ ድንጋይ ገዝቶ የሚያመጣ ሰው ግን ሞልቷል።

የግንባታ ፈቃዱ ፈጠራን አያስርም?

ከመሳልዎ በፊት የፕላን ስምምነት ይውሰዱ። ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ ከፍታው ስንት እንደሆነ፣ ከመንገድ ስንት ሜትር መራቅ እንዳለብዎት ያኔ ይታወቃል። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው ሕጉ ስለከለከለው አይደለም፤ ሕጉ ዘግይቶ ስለተጠየቀ ነው።

የምኖረው ውጭ አገር ነው። ፎቶ ልኬ ዲዛይን ማሠራት እችላለሁ?

ይቻላል። ሆኖም ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ የቦታው ፎቶ አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ የታየ የሰው ቤት ፎቶ ነው። ሰፊ ሣር፣ ገደላማ ጣራ፣ ጋራዡ ፊት ለፊት። ቦታው ደግሞ ሰሚት ውስጥ 175 ካሬ።

ይልቅ እዚህ ያለ ዘመድ ስልኩን ይዞ ቦታው ጥግ ላይ ይቁም፤ በጠዋት፣ በቀትርና በአሥር ሰዓት ዙሪያውን ይቅረጽ። ድምፅም ይቀዳ፤ የወፍጮ ቤት፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ የመኪና ጥሩንባ ከየት እንደሚመጣ መኝታ ቤቱን ለማስቀመጥ ይጠቅማል። አንዱ ቪዲዮ ዝናብ እየዘነበ ይሁን። የካርታውን ኮፒና የፕላን ስምምነቱን አብረው ይላኩ። የወደዱትንም የቤት ፎቶ ይላኩ፤ ነገር ግን ከሥሩ ምኑን እንደወደዱት ይጻፉ። «ጣራው» ከሆነ አንድ ነገር ነው። «ጠዋት ኩሽናው ውስጥ ፀሐይ መግባቷ» ከሆነ ግን በ175 ካሬም ይሠራል።